በሦስት ቢሮ መካከል የቆሙ ሴት

ስልኩ የጮኸው ኪዳን አድርሼ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው። የጅግጅጋ ፀሐይ ገና አልበረታም ነበር፤ ነጠላዬን እንኳ አላወረድኩም። የደወለችው ይታይሽ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ቢሮ አብረን የሠራን ጓደኛዬ። ሰላምታዋ ረዘመብኝ። ልጆቼን በየስማቸው ጠየቀች፣ ባለቤቴን ጠየቀች፣ ዝናቡ እንዴት ነው አለች፣ ኑሮው እንዴት ነው አለች። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰላምታ ከልክ በላይ ሲረዝም ግን ሰው ይገባዋል።

«እትዬ ጥሩወርቅ ትንሽ አሟቸው ነበር» አለችኝ በመጨረሻ።

«ነበር?»

በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጉልበታቸው ነው?»

«ልባቸው ነው አሉ። ቡሬ ከናታቸው አጠገብ አረፉ። ሠልስቱም ወጣ። መንገዱ እንዲህ በሆነበት ጊዜ አንቺን ከዚያ ማዶ ማስጨነቁ ምን ያደርጋል ብለን ነው የቆየን።»

ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን አልኩ። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ይታይሽ አፍንጫዋን ጠረገችና ድምጿ ተለወጠ።

«ስንዱ፣ ሌላም አለ። የታሰሩትን ልጆች ሊያነሷቸው ነው።»

«ከየት?»

«ከቤቱ ነዋ! ወደ ትልልቆቹ እስረኞች ሊመልሷቸው ነው። ቤቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ወረዳው የዞን ነው ይላል፤ ዞኑ የክልል ነው ይላል፤ ክልሉ እኔ ዘንድ እንዲህ የሚባል ቤት አልተመዘገበም ይላል። እሳቸው እያሉኮ ማንም አይጠይቅም ነበር።»

ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው። ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም፤ ለተዝካራቸውም መድረሴን እንጃ። ነገር ግን እሳቸውን የሚያውቅ ሰው አልቅሶ ብቻ ቢተው እሳቸው ራሳቸው ይቆጡታል። የቢሮዎቹን ስም አልጠራም፣ የሰዎቹንም አልጠራም። አብዛኞቹ በሕይወት አሉ፣ ልጆች አሏቸው፣ ሐሜት እንዲሆንብኝም አልፈልግም። የልጁንና የአባቱን ስምም ለውጬዋለሁ። የእትዬ ጥሩወርቅን ግን እንዳለ ጽፌዋለሁ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በዞኑ የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዙ ባለሙያ ነበሩ፤ እኔ የዚያው ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ረጅም፣ ደንዳና፣ ድምፀ ጎርናና የቡሬ ሴት ናቸው። ክረምት ከበጋ ጥቁር የወንድ ጃንጥላ ይይዛሉ። የሹራባቸው ኪስ የገብስ ቆሎ አያጣም፤ ጾም ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፍሬ አይቀምሱም፣ ለሌላው ግን ሲያድሉ ይውላሉ። ሲስቁ ከታች በር ላይ ያለው ዘበኛ ይሰማል፤ ሲቆጡም እንዲሁ። ልጅ ተይዞ ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር አለ፤ ስሙን ሳይጠይቁ እጁን ከአንጓው ላይ ያዝ አድርገው ትንሽ ይቆያሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «አፉ የተነገረውን ይላል፤ እጁ ግን ያለበትን ይነግረኛል» አሉኝ።

ሌላው ጠባያቸው ቢሮ ገብተው አለመቀመጣቸው ነው።

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ቆሞ ሳለ የተቀመጠ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። እትዬ ጥሩወርቅ ይህን ያውቃሉ፣ ይሠሩበታልም። ኃላፊ ዘንድ ይገባሉ፣ እጅ ይነሳሉ፣ ከዚያ በሩና ጠረጴዛው መካከል ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የቢሮው ባለቤትም በእናቱ ዕድሜ ያለች ሴት ቆማ እንዴት ይቀመጥ፤ ይነሳል። አንድ ቀን ደብዳቤ ይዤ ተከትያቸው ገብቼ ሁሉን አየሁ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እባክዎ አረፍ ይበሉ።»

«አላርፍም ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ወንበሩ ባዶ ነው እኮ።»

«አየሁት። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ‹ለሳምንት ተመለስ› ይባላል። እኔ ቆሜ ብጨርስ ይሻለኛል።»

«ወገቤን ያመኛል፣ እትዬ።»

«እኔም ጉልበቴን ያመኛል። በል ቶሎ እንጨርሰውና ሁለታችንም እንረፍ።»

የግራ ጉልበታቸው የእውነት ይታመም ነበር። ሰውየው ፈረመ። ከጊዜ በኋላ ዘበኞች ጃንጥላቸውን ከሩቅ ሲያዩ «መጡ!» እያሉ ለኃላፊዎቹ ማስጠንቀቅ ጀመሩ። አንዱ ኃላፊ በጓሮ በኩል ሽንት ቤት ገብቶ ተደበቀባቸው። በሩ ላይ ሄደው ቆሙና፣ «አይዞህ ልጄ፣ አትቸኩል፤ እኔ እጠብቃለሁ» አሉት። ቢሮው ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሰውየውም ራሱ እየሳቀ ወጣ፤ የፈለጉትንም አደረገላቸው።

እኔን ጸሎት ስለማበዛ ይቀልዱብኝ ነበር። «ስንዱ፣ አንቺ ጸልዪ፤ እኔ እቆማለሁ። በሁለት በኩል እንያዘው» ይሉኛል።

አሁን የይበልጣልን ነገር ላውራ፤ የቤቱ ነገር የመጣው ከእሱ ነው።

ይበልጣል ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ልጅ ነው። የጎረቤት ቀፎ ሊቆርጥ፣ ማለት ማር ሊሰርቅ፣ ባለቤቱ በሌለበት ከጓሮው ይገባል። ንቦቹን የሚያጨስበት ችቦ ከእጁ ይወድቃል፤ የጎረቤቱ የጤፍ ክምር ተቃጥሎ ያልቃል። ክምር ማቃጠል በገበሬ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለገበሬ ልጅ አይነገርም፤ የዓመት ጉሮሮ ነው። የባለ ክምሩ ወንድሞች ልጁን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት፤ አባቱም ተከትሎ ደረሰ።

ፖሊሱ ዕድሜውን ጠየቀ። ልጁ አያውቅም። ይኼኔ ከባለ ክምሩ ወንድሞች አንዱ፣ «ምነው አያ ታከለ፣ ‹ገና ሕፃን ነው፣ ጡት አልጣለም› ብለው አያስጥሉትም?» ብሎ ሳቀ። አያ ታከለ ኩሩ ሰው ናቸው። በጠላት ፊት ልጄ ሕፃን ነው ማለት፣ ከኋላዬ ሰው የለኝም እንደ ማለት ሆነባቸው። «የኔ ልጅ ሕፃን አይደለም! ሞፈር ጨብጧል። አሥራ ስድስት ሞልቶታል!» አሉ። ፖሊሱም እንደ ተነገረው ጻፈ። እናቱን የጠየቀ የለም።

በሕጉ አሥራ አምስት የሞላው እንደ ትልቅ ሰው ይታያል፤ በአባቱ አፍ ትልቅ ሰው ሆነና ጉዳዩ እስኪታይ ማረሚያ ቤት ገባ፤ ከትልልቆቹ ጋር።

እትዬ ጥሩወርቅ ማረሚያ ቤቱን ሊጎበኙ ሲገቡ አብሬያቸው ነበርኩ። ወንዶቹ ፀሐይ በሚሞቁበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ አዩት። እንደ ልማዳቸው እጁን ያዙት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የታከለ።»

«ማታ የት ነው የምትተኛው?»

ልጁ ወደ መሬት አየ። «ኸትልልቆቹ መኻል።»

«ትተኛለህ ወይስ ትነቃለህ?»

እትዬ ጥሩወርቅ እጁን አልለቀቁትም። ቀና ብለው ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ወንዶች አንድ በአንድ አዩ፤ ወሬው ሁሉ ቆመ። ስንወጣ፣ በሩን ካለፍን በኋላ፣ «ይኸ ልጅ እዚህ አይከርምም» አሉ።

በማግስቱ የቡሬ ገበያ ነበር። አያ ታከለን በእህል ተራ አገኘናቸው።

«አያ ታከለ፣ እንደምን ዋሉ። ስለ ይበልጣል ነው የመጣሁ። አሥራ ስድስት አልሞላውም።»

«ብያለሁ፣ እሜቴ። አንዴ ብያለሁ።»

«ለማን ብለው አሉት?»

«ሲስቁብኝ ዝም ልበል?» አሉ፤ ዓይናቸው ቀላ። «ኸሰው ፊት ያልኩትን ቃል ተመልሼ ልብላው? ነገ ማን ሰው ይለኛል?»

«የሳቀብዎ ሰው ቤቱ ነው የሚያድር። ልጅዎ ግን ነፍሰ ገዳይና ሽፍታ ካለበት ነው የሚያድር። ኩራትዎን የሚከፍለው እሱ ነው። ማታ ማታ እየከፈለልዎ ነው።»

አያ ታከለ ብትራቸውን ተደገፉ። ገበያተኛው በመካከላችን ያልፋል። በመጨረሻ፣ «እናቱ ታውቃለች፤ በፍልሰታ ጾም ነው የወለደችው» አሉ። ያን ያህል ማለታቸው ምን ያህል እንደከበዳቸው አይቻለሁ።

ችሎት ፊት ሁለቱም ቆሙ። አያ ታከለ፣ «በእልህ ነው ያልኩት፤ ልጄ ልጅ ነው» አሉ። እናቱ የወለደችበትንና ክርስትና ያስነሣችበትን ጊዜ ተናገረች፣ የክርስትና አባቱ መሰከሩ፣ ሐኪሙም ከአሥራ አምስት በታች ነው አለ። ዳኛው ልጁ ከትልልቆቹ ወጥቶ ለልጆች በተለየ ቦታ እንዲቆይ አዘዙ። ወደ ቤቱ እንዳይልኩት እርቁ ገና አልወረደም፤ የባለ ክምሩ ወንድሞች ደም ለብሰው መንገድ ይጠብቁት ነበር።

እኔ አለቀ ብዬ ተመስገን አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ሹራባቸውን አስተካከሉ። «ስንዱ፣ አሁን ነው የተጀመረው» አሉ። ለልጆች የተለየ የሚባለው ቦታ በአካባቢያችን አልነበረማ።

የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጁን በር ድረስ አምጥቶ፣ «የዳኛው ትእዛዝ ደርሶኛል። ከዛሬ ወዲያ ባሳድረው ሕግ ጣስክ እባላለሁ፤ ይውሰዱልኝ» አለ።

«ወዴት?»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

የወረዳው ፖሊስ ዘንድ ሄድን። «እኛ የምንይዘው ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ነው። ቀርቧል። ከኛ አልፏል» አሉን። ክልል ተደወለ። «እንዲህ ያለ ቤት የለንም፤ አዲስ አበባ ነው ያለው» ተባለ። አዲስ አበባ ተደወለ። «የኛ ለከተማው ፍርድ ቤቶች ነው፤ ቦታውም ሞልቷል፤ ክልላችሁን ጠይቁ» ተባለ። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ማንም አልዋሸም። ልጁ ግን አንዲት ፌስታል ይዞ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

«እትዬ፣ እኔ ቤት ይደር» አልኳቸው። «ወይም እርስዎ ዘንድ።»

ተቆጡኝ። «እኔ መንግሥት ነኝ? እኔ ቤት ካደረ ወረዳውም ዞኑም ክልሉም ለጥ ብለው ነው የሚተኙት! የልጁን ነገር ይረሱታል። ነገ ሌላ ልጅ ሲመጣስ? እኔ ዘንድ አያድርም። ከነሱ አንዱ ዘንድ ነው የሚያድር።»

ልቤ አዘነባቸው፤ ጭካኔ መሰለኝ። ነገር ግን ቤታቸው አልሄዱም። ሲመሽ ፖሊስ ጣቢያው ሄደው፣ «ለዛሬ ብቻ» ብለው ለተረኞቹ በሚያገለግለው ክፍል አሳደሩት። በማግስቱም «ለዛሬ ብቻ» አሉ። በሦስተኛው ቀን ተረኛው ገና ሲያያቸው፣ «አውቃለሁ እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ» አላቸው። ቀን ቀን ደግሞ ልጁን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይዞራሉ። ደብዳቤ ልጻፍ ብላቸው እንቢ አሉ። «ደብዳቤ ሲልኩ መልሱ ደብዳቤ ነው። ይህን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያዩ የኔ አይደለም ይበሉኝ።»

በመጨረሻ ባሕር ዳር እንውሰደው አሉ። ሚኒባስ ተሳፈርን፤ እሳቸው፣ እኔ፣ ይበልጣልና ጠባቂ ሆኖ የታዘዘ አንድ ወጣት ፖሊስ።

«እትዬ፣ ካቴና ላድርግለት?» አለ ፖሊሱ ፈራ ተባ እያለ።

«ላንተ ላድርግልህ እንዴ? ተቀመጥ እቴ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ልጁም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ዱርቤቴ ላይ መኪናው ሲቆም ዳቦ ገዙለት። እየበላ፣ «እማማ፣ ወረዳ የሚሉት ምንድነው?» አላቸው። ስንት ቀን ስሙን ሲሰማ የከረመው ነገር ነበር።

«ወረዳ ማለት የያዘህ ነው። ዞን ማለት ያሰረህ ነው። ክልል ማለት አሁን የምንሄድበት ነው።»

«ኸነሱ ማነው የሚፈታኝ?»

«የሚፈታህስ ዳኛው ነው፤ እሱ አይቸግርም። የጠፋው የሚይዝህ ነው።»

ፖሊሱ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

መራዊን አልፈን ባሕር ዳር ገባን። ቢሮው ውስጥ የተቀበለን በደንብ የለበሰ ትሑት ወጣት ነበር። ወንበር አቀረበልን። እሳቸው ቆሙ፤ እኛም ቆምን። እሱም ተነሣ።

«እናቴ፣ ጉዳዩ ተረስቶ አይደለም። በጥናት ላይ ነው» አለ።

«ጥናቱ የት ነው የሚያድር?»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም።»

«ጥናቱ ማታ ማታ የት ነው የሚያድር? ይህን ልጅ እዚያው ላሳድረው ብዬ ነው።»

ወጣቱ ሊስቅ ብሎ ተወው። አለቃውን ጠራ። አለቃው መጣ፤ ተቀመጡ አለ፤ አልተቀመጡም፤ እሱም ቆመ። የሱም አለቃ ተጠራ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ባለ ጉዳይ በበሩ እያጮለቀ፣ ምን ሆነው ነው ሁሉም የቆሙት ይላል። የእትዬ ጥሩወርቅ የግራ እግር ከጉልበቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ በቀሚሳቸው ላይ ይታወቃል። ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ በክርናቸው ገፉኝ። በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እያልኩ ነበር።

በመጨረሻ የመጡት ሽበታም ኃላፊ ነበሩ። ለሁላችን ሰላምታ ሰጡና ልጁን አዩት።

«ስንት ዓመትህ ነው፣ የኔ ልጅ?»

ይበልጣል እትዬ ጥሩወርቅን አየ። «አባቴ አሥራ ስድስት ብሎ ነበር» አለ። «እናቴ አሥራ ሦስት ትላለች።»

ሰውየው ፈገግ ሊሉ ሲሉ የልጁን ፊት አዩና ፈገግታው ጠፋ። ወደ እትዬ ጥሩወርቅ ዞረው፣ «እሜቴ፣ እዚህ ቆመን አያልቅም» አሉ። «እኔ ፍኖተ ሰላም እመጣለሁ። ወረዳውም ዞኑም ባለበት ይለቅ።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ያኔ ተቀመጡ። ወንበሩ ላይ እንኳ አልደረሱም፤ እመሬቱ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው።

ሰውየው እንዳሉት መጡ። የተሰበሰብነው ከተማው ዳር ባለ አንድ ባዶ የማዳበሪያ መጋዘን ግቢ ነው፤ ቦታውን የመረጡት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። የክልሉ ሰውዬ፣ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ፣ የወረዳው አስተዳደርና የፖሊሱ አዛዥ፣ አንድ የደብር ካህን፣ አያ ታከለ፣ ከማረሚያ ቤቱ ወጥ ቤት የመጡ ሴቶች፣ ያ ወጣት ፖሊስ፣ እኔና ይታይሽ ነበርን። እትዬ ጥሩወርቅ የመጋዘኑን በር ከፈቱ። የማዳበሪያው ሽታ ገና አልለቀቀም።

«የሌላችሁን አልጠይቅም። ያላችሁን በየአፋችሁ ተናገሩ፤ ሰው ይስማ» አሉ።

የወረዳው ሰው ቤቱን ሰጥተናል አለ። አዛዡ ጥበቃው ከኛ ነው፣ ሴት ፖሊስም ትጨመራለች አለ። የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ከኛ ወጥ ቤት ይበላሉ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስም ከኛ ነው አለ። የክልሉ ሰውዬ መምህር እቀጥራለሁ፤ ለልጆች የተሠራ ቤት እስኪቆም ድረስ ይኸ ቤት የክልሉ ነው፣ ማንም እንዳይነካው አሉ። ካህኑ መስቀላቸውን አውጥተው፣ ይህን ቃል የሰጣችሁ ሁሉ ጠብቁት፣ ያፈረሰውን እግዚአብሔር ይጠይቀው ብለው ባረኩ። ሁሉም አሜን አለ።

እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነበር። «እትዬ፣ ላስፈርማቸው?» አልኩ በጆሯቸው።

«ተይው። ካስፈረምሽ ለሕግ ክፍል ይላካል፣ ከዚያ ለጥናት ይላካል። ከጥናት የተመለሰ ነገር አይቼ አላውቅም። ቃሉን ካህን ፊት ሰጥተዋል፤ ይበቃል።»

በዚህ ነገር እትዬ ጥሩወርቅ ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። በሕይወት ቢኖሩ በፊታቸውም እለው ነበር። እሳቸው ያደጉት ካህን ፊት የተሰጠ ቃል ማኅተም በሆነበት አገር ነው። ሰው እንደሚዘዋወር፣ አዛዥ እንደሚለወጥ፣ አዲስ የመጣው ኃላፊ ያን ቀን ግቢው ውስጥ እንዳልነበረ አላሰቡም። ወይም አስበው ይሆናል፤ እኔ አለሁ ብለው ይሆናል። ደግሞም ያን ቀን ወረቀቱን ባወጣው ኖሮ የወረዳው ሰው ልጠይቅ ብሎ ይሄድ እንደነበር፣ ልጁም ያን ማታ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ ያድር እንደነበር አውቃለሁ።

ይበልጣል ያን ማታ እዚያ አደረ። ከእሱ በኋላ ሌሎች መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ለልጆቹ ልስልስ አልነበሩም። አንድ ጠዋት ይበልጣል ቁርሱን አልበላም ብሎ አኩርፎ አገኙት።

«እኔኮ ጥሩ ልጅ ነህ ብዬ አይደለም እግሬ እስኪያብጥ የቆምኩልህ» አሉት። «የሰው የዓመት እህል አመድ ያደረግህ ነህ። እርቅ ሲወርድ ባለ ክምሩ እግር ላይ ወድቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

«እሺ። ታዲያ ለምን ቆሙልኝ?»

«ልጅ ስለሆንክ ነዋ! ሌላ ምን አለህ? ብላ አሁን።»

በላ። እርቁም ወረደ። አያ ታከለና ባለ ክምሩ ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ትዳር ይዟል፤ ከዚህ በላይ ስለእሱ አልጽፍም።

እኔ በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደ ምሥራቅ ስመጣ ሊሰናበቱኝ መናኸሪያ ድረስ መጥተው ነበር። ጉልበታቸው ብሶ በጃንጥላው ይደገፉ ጀምረዋል። «እዚያም ቢሮ ይኖራል፣ እዚያም ልጅ ይኖራል። ጸሎት ብቻ እንዳታበዢ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ በኋላ በበዓል እንደዋወል ነበር። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነግሩኝ ማታ ስንት ልጆች እንዳደሩ ነው፤ ስለራሳቸው ካልጠየቅኩ አይናገሩም።

አሁን ልመናዬ ለእናንተ ነው፤ ያን ቀን በመጋዘኑ ግቢ ለነበራችሁ።

የክልሉ ሰውዬ፣ ጡረታ መውጣትዎን ሰምቻለሁ። የሰጡት ቃል ግን ከእርስዎ ጋር ጡረታ አይወጣም፤ እባክዎ በቦታዎ ለተተካው ሰው ደውለው ቤቱ የክልሉ ነው ማለትዎን ይንገሩት። አባታችን፣ ባርከው ያሰሩት ቃል ነው፤ ማን ምን እንዳለ እርስዎ ሰምተዋል። የማረሚያ ቤቱና የወረዳው ሰዎች፣ ሌላ ከተማ ብትዛወሩም ስልክ አለ። ወጥ ቤት የነበራችሁ እናቶች፣ ማን ፍራሽ እንዳመጣ፣ ማን እንደመገበ ታውቃላችሁ። አያ ታከለ፣ እርስዎ በሰው ፊት እውነት መናገር ምን እንደሚያስከፍል ያውቃሉ፤ ከፍለውታልም። ያ ወጣት ፖሊስ፣ ማዕረግህ ጨምሯል አሉ፤ ደስ ብሎኛል፤ አንተም ነበርክ።

ይታይሽ ሁላችሁንም ትሰበስባለች፤ ቤቷን ታውቁታላችሁ። እኔም የሰማሁትን ሁሉ በስሜ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ልኬላታለሁ። አብራችሁ ሂዱና የሰጣችሁትን ቃል፣ የሰማችሁትንም፣ ለአዲሶቹ ኃላፊዎች ተናገሩ፤ በዚህ ጊዜ ግን ይጻፍ፣ ሁላችሁም ፈርሙበት። ልጆቹ እስከ ትናንት ማታ እዚያው ነበሩ። ሳይወስዷቸው ድረሱ።